በኩሬና በመስኖ ቦይ ዳር አይጥን ማጥመድ፤ የውሃ አእዋፍን ሳይጎዱ
በይፋት ቆላ ለሚሠሩ የልማት ሠራተኞችና ለመስኖ ተጠቃሚዎች ማኅበራት የተዘጋጀ

ከሸዋ ሮቢት እስከ አጣዬ ባለው የይፋት ቆላ በበጋ የሚለማው ሽንኩርት፣ ቲማቲምና ማሾ የሚኖረው በመስኖ ውሃ ነው። ውሃው ከሮቢ፣ ከጀውሃና ከአጣዬ ወንዞች በአፈር ቦይ ተጠልፎ ይመጣል፤ ወይም በክረምት ጎርፍ ተሞልቶ በኩሬ ይጠራቀማል። የአፈር ቦይም ሆነ የአፈር ክትር የሚፈርሰው በጎርፍ ብቻ ይመስለናል። ነገር ግን ጎርፍ በሌለበት በጥርና በየካቲት ኩሬ በአንድ ሌሊት ባዶውን ሲያድር የታየበት ጊዜ አለ። ምክንያቱ ሲፈተሽ ብዙውን ጊዜ የሚገኘው የአይጥ ጉድጓድ ነው።

ስለ አይጥ ጉዳት ሲነሣ ሁላችንም ቶሎ የምናስበው እሸቱንና ጎተራውን ነው። የክትሩን ጉዳት ግን የሚያስተውለው ጥቂት ሰው ነው። አይጧ ከክትሩ የውጭ ተዳፋት ገብታ ወደ ውስጥ ትቆፍራለች። ጉድጓዱ ከውሃው ከፍታ በታች ወደ እርጥቡ አፈር ሲጠጋ ውሃ መስረግ ይጀምራል። መጀመሪያ በውጭ በኩል የሚታየው እርጥበትና ያለ ወቅቱ የለመለመ ሣር ብቻ ነው። የሚሰርገው ውሃ ደቃቁን አፈር እየጠረገ ሲወጣ ቀዳዳው ከውስጥ ይሰፋል። ስለዚህ የልማት ሠራተኛው ከክትሩ ግርጌ የሚወጣ ውሃ ሲያይ በእጁ ጨልፎ መመልከት አለበት። ጥርት ብሎ የሚወጣ ከሆነ ለጥገና ጊዜ አለ። ደፍርሶ የሚወጣ ከሆነ ግን ክትሩ ከውስጥ እየተበላ ነውና በዚያው ዕለት ውሃውን ዝቅ ማድረግ ያስፈልጋል። ፕላስቲክ በተነጠፈባቸው ኩሬዎች ደግሞ አይጥ ከሥር ገብታ ፕላስቲኩን ትቀዳለች፤ ይህ ጉዳት ኩሬው እስኪጎድል ድረስ አይታይም።

ገበሬው ይህን ሲያውቅ ዝም ብሎ አይቀመጥም። በብዛት የሚያደርገው ከሁለት አንዱን ነው፤ መርዝ የተለወሰ ማሽላ በኩሬው ዙሪያ ይበትናል፣ ወይም የብረት ወጥመድ ከውሃው ጠርዝ ላይ ያስቀምጣል። በሁለቱም መንገድ አይጥ ይሞታል። ዳክዬ፣ ዝይ፣ የውሃ ዶሮ፣ ጋጋኖና ሽመላም አብረው ይሞታሉ። ይህ ጽሑፍ የተዘጋጀው አይጡን ብቻ ለይቶ መያዝ የሚቻልበትን መንገድ ለማሳየት ነው።

ስለ ወፎቹ ስናነሣ አንዳንድ ገበሬዎች «ዝይም ቢሆን ቡቃያ ይበላል፣ ምን አለበት ቢሞት» ይሉናል። አባባሉ ሐሰት አይደለም፤ ዝይ ገና የበቀለ ሰብል ይግጣል። ነገር ግን ዝይን በጩኸትና በጥበቃ ማባረር ይቻላል፣ ክትርም አይቆፍርም። በዚያው ውሃ ዳር የሚቆሙት ሽመላዎች አይጥ ይበላሉ። ጉጉትና ጭልፊት ዋና ምግባቸው አይጥ ነው። በኩሬ ዳር የተበተነ መርዝና ያለ ሽፋን የተጠመደ ወጥመድ ወፍ ከወፍ አይለይም፤ ስለዚህ ገበሬው የራሱን ረዳት ጭምር ይገድላል።

ከሌላ አገር የተገኘ ትምህርት

በዚህ ችግር እኛ የመጀመሪያዎቹ አይደለንም። ማስክራት የሚባለው የሰሜን አሜሪካ የውሃ አይጥ እ.ኤ.አ. በ1905 በፕራግ ከተማ አቅራቢያ ተለቆ በአውሮፓ ተሰራጨ። የኩሬና የቦይ ዳር እየቆፈረ ስለሚያፈርስ፣ መሬታቸው ከባሕር በታች የሆነው ሆላንዶች እስከ ዛሬ ድረስ ደመወዝ የሚከፈላቸው አጥማጆች አሰማርተው ይከላከሉታል። በብሪታንያ ደግሞ ለቆዳው ከሚረባበት ቦታ አምልጦ ስለተባዛ በ1930ዎቹ ዓመታት በዘመቻ እንዲጠፋ ተደረገ። ዘመቻው ግቡን መታ፤ የተከፈለው ዋጋ ግን ከባድ ነበር። በስኮትላንድ ብቻ ከ1,000 ያነሱ ማስክራቶች ሲያዙ፣ በዚያው ወጥመድ ከ5,000 በላይ ሌሎች እንስሳትና አእዋፍ ተይዘዋል። ከእነዚህ ውስጥ የውሃ ዶሮዎች እጅግ ብዙ ነበሩ። ወጥመዱ እግር የሚነክስ ብረት ሲሆን፣ የሚቀመጠውም ወፎቹ በሚመላለሱበት የውሃ ጠርዝ ላይ ነበር።

ከ50 ዓመት ገደማ በኋላ በዚያው አገር ኮይፑ የሚባል ሌላ ቆፋሪ እንስሳ ለማጥፋት እ.ኤ.አ. በ1981 አዲስ ዘመቻ ተጀመረ። በዚህኛው ጊዜ የተመረጠው በሕይወት የሚይዝ የሽቦ ሣጥን ነበር። ጠዋት ጠዋት ሣጥኑ ይታያል፤ ኮይፑ ከሆነ ይገደላል፣ ሌላ ከሆነ ይለቀቃል። ሣጥኑን ከዳር አንሥቶ በውሃ ላይ በሚንሳፈፍ መደብ ላይ ማስቀመጥም ኮይፑን በብዛት አስያዘ፤ በስህተት የሚገባውንም ቀነሰ። እ.ኤ.አ. በ1989 ኮይፑ ከብሪታንያ ጠፋ። ከዚህ የምንወስደው ትምህርት የወጥመዱ ብርታት ሳይሆን የሚቀመጥበት ቦታ ለውጥ ማምጣቱን ነው።

ተንሳፋፊውን መደብ ግን እንዳለ ወደ አጣዬ ማምጣት አይጠቅምም። ማስክራትና ኮይፑ በውሃ ውስጥ የሚኖሩ ናቸው። የእኛ አይጥ ዋና ብትችልም ኑሮዋ በደረቅ አፈር ውስጥ ነው። በእኛ ኩሬ ላይ መደብ ብናንሳፍፍ አይጥ አትወጣበትም፤ ዳክዬ ግን ወዲያው ያርፍበታል። እኛ መሥራት ያለብን የዚህን ተቃራኒ ነው፤ ወጥመዱን ከውሃው አርቀን ወደ ክትሩ ደረቅ ጀርባ ማውጣት።

የምንከላከለው የትኛውን አይጥ ነው

በአዋሽ ተፋሰስ ማሳዎች በብዛት የሚታወቁት የዱር አይጦች ሁለት ዓይነት ናቸው። አንደኛዋ ብዙ ጡቶች ያሏት አይጥ ናት። በመልክ የቤት አይጥ ትመስላለች፤ ሆዷ ነጣ ያለ ግራጫ ነው። ከዚህ ወገን አንዱ ዝርያ እ.ኤ.አ. በ1998 በአዋሽ ስም ራሱን የቻለ ዝርያ ሆኖ ተሰይሟል። እርግዝናዋ 23 ቀን ገደማ ሲሆን በአንድ ጊዜ አሥር ያህል ልትወልድ ትችላለች። የምትንቀሳቀሰው በሌሊት ነው። ሁለተኛዋ የሣር አይጥ ናት። ጠጉሯ ሻካራና ዝንጉርጉር ሆኖ ጥቅጥቅ ያለ ሣር ትወዳለች። በሣሩ ሥር እንደ ትንሽ መንገድ የተመታ ጥርጊያ ታበጃለች። ይህችኛዋ በቀን፣ በተለይ በጠዋትና ወደ ማታ ትወጣለች።

ይህን ልዩነት ማወቅ ለአጥማጁ ትልቅ ነገር ነው። በቀን የሚመጡ ወፎች በብዛት ባሉበት ኩሬ፣ የሌሊቷን አይጥ ለመያዝ ወጥመዱን ከመሸ በኋላ ከፍቶ ጎሕ ሳይቀድ መዝጋት ይቻላል። የሣር አይጥን ግን በሌሊት ወጥመድ ብቻ መቀነስ አይቻልም። ለእርሷ ወጥመዱ በቀን ክፍት መሆን ስላለበት፣ ያለ ሽፋን ማጥመድ ፈጽሞ አይፈቀድም።

ከማጥመድ በፊት ጉድጓዱ በእርግጥ የአይጥ መሆኑን መለየት ያስፈልጋል። የአይጥ ጉድጓድ አፉ ከ4 እስከ 6 ሳንቲ ሜትር ይሰፋል፤ በደጁ የተዛቀ ልቅ አፈርና ፋንድያ ይገኛል። ከውሃው ጠርዝ አጠገብ የሚገኝና በአፉ ዙሪያ ጭቃ የተከመረበት ጉድጓድ የሸርጣን ሊሆን ይችላል። ቀጥ ብሎ በተቆረጠ የአፈር ግድግዳ ላይ የሚታይ፣ ከአፉ በታች ነጭ ኩስ የፈሰሰበት ቀዳዳ ደግሞ ዓሣ በሚያጠምዱ ወይም ንብ በሚበሉ ትናንሽ ወፎች የተቆፈረ ጎጆ ነው፤ ይህን መድፈንም ሆነ በደጁ ማጥመድ አይገባም። በአንድ ክንድ የሚሰፋ ጉድጓድ የጃርት ነው፤ ስለ ጃርት ይህ ጽሑፍ አይመለከትም። አጠራጣሪውን ጉድጓድ ሁሉ ማታ በሣርና በእርጥብ አፈር ላላ አድርጎ መድፈን ይበቃል። ጠዋት ተከፍቶ ከተገኘ ሰው አለበት።

ወቅቱ

በይፋት ቆላ አይጥ በብዛት የምትራባው ዝናቡን ተከትላ ነው። ክረምቱ አልፎ ማሽላው ሲያሽት ቁጥሯ ከፍ ይላል። በኅዳርና በታኅሣሥ ማሽላው ታጭዶ ማሳው ሲራቆት ደግሞ ጥላና ምግብ ፍለጋ ወደ ለመለመው ቦይ ዳርና ወደ ኩሬው ክትር ትሰበሰባለች። ከታኅሣሥ እስከ የካቲት ያለው ጊዜ ለማጥመድ የሚመረጠውም ስለዚህ ነው። አይጧ በአንድ ቦታ ተከማችታለች፣ የምግብ እጥረት ስላለባት ማጥመጃ ምግብ አትንቅም፣ መራባቷም ቀንሷል። የበልጉ ዝናብ ከገባ በኋላ የሚያዘው አይጥ ቦታ ወዲያው በግልገል ይሞላል።

ችግሩ ያለውም እዚሁ ላይ ነው። ከጥቅምት እስከ መጋቢት ያለው ጊዜ ከአውሮፓና ከእስያ ብርድ የሚሸሹ ዳክዬዎችና ሌሎች የውሃ አእዋፍ ወደ አገራችን የሚመጡበት ነው። ከአጣዬ በስተሰሜን በቦርከና ወንዝ ዳር ያለው የጨፋ ረግረግ ከዋና ዋና ማረፊያዎቻቸው አንዱ ነው። ረግረጉ እየደረቀና እየታረሰ በሄደ ቁጥር የገበሬው ኩሬ ለእነርሱ ምትክ ውሃ ይሆናል። አይጧን ማጥመድ የሚገባንና ወፎቹ የሚበዙበት ወራት አንድ ነው። ስለዚህ ወቅት መርጠን ወፎቹን ማዳን አንችልም። የሚቀረን ቦታውን፣ ሽፋኑን፣ ሰዓቱንና ማጥመጃ ምግቡን መምረጥ ነው።

አጠማመዱ

የውሃ ወፍ የሚመላለሰው በክትሩ የውስጥ ተዳፋት፣ በጠርዙና በጭቃው ላይ ነው። ፀሐይ ለመሞቅ በክትሩ አናት ላይ የሚያርፍም አለ። የውጩን ተዳፋት ግን ብዙም አይወርድበትም። አይጥ በአንጻሩ ጉድጓዷን የምትከፍተው በብዛት በውጩ ተዳፋት፣ ከግርጌ ጀምሮ እስከ ወገቡ ባለው ደረቅ አፈር ነው። ስለዚህ ወጥመድ ሁሉ ከክትሩ አናት በታች በውጭ በኩል ብቻ ይቀመጥ። በቦይ ላይ ሲሆን ውሃው ከሚነካው ጠርዝ ቢያንስ ሁለት ሜትር ወደ ማሳው ወጣ ይበል። ጉድጓዱ በውስጥ ተዳፋት ላይ ብቻ ከሆነ ሳይጠመድበት፣ ውሃው ሲጎድል ተቆፍሮ ይደፈን።

ሽፋን ያልንው ወጥመዱ የሚገባበትን ዋሻ ነው። በይፋት ጠፍጣፋ ድንጋይ አይቸግርም። ሁለት ድንጋይ በጎን፣ አንድ በላይ፣ አንድ ከኋላ አድርጎ ክንድ ያህል የሚረዝም ዋሻ ማበጀት ይቻላል። የዋሻው አፍ ከ6 ሳንቲ ሜትር በላይ እንዳይሰፋ ትንንሽ ድንጋይ ይጠጋበት። ድንጋይ በሌለበት ባለ 5 ሊትር የዘይት ጀሪካን ወገቡ ላይ ተቀዶ ወጥመዱ ከገባ በኋላ በሽቦ ይሰፋል፤ በአንድ ጫፉ ላይ 6 ሳንቲ ሜትር ቀዳዳ ይወጣለታል። ወጥመዱ ከአፉ 15 ሳንቲ ሜትር ያህል ወደ ውስጥ መግባት አለበት። ይህ ርቀት ችላ የሚባል አይደለም። ዳክዬና ዝይ በ6 ሳንቲ ሜትር አፍ አይገቡም፤ ነገር ግን አንገታቸውን አስግገው የሚፈትሹ ወፎች አሉ፤ የሽመላ መንቆር ደግሞ ረጅም ስለሆነ ሽመላ በሚያዘወትርበት ቦታ ዋሻውን ማስረዘም ያሻል። የዋሻው አፍ ወደ ጉድጓዱ ወይም ወደ ጥርጊያዋ ይዙር እንጂ ወደ ውሃው አይዙር።

የሚጠመደው የተለመደው ባለ ምንጭ ወጥመድ ወይም የሽቦ ሣጥን ሊሆን ይችላል። ማኅበሩ አቅም ካለው የሽቦ ሣጥኑን እንመርጣለን፤ ዋጋው ቢበልጥም በስህተት የገባውን መልቀቅ ይቻላልና። ምንጭ ያለውን ወጥመድ ፋሮ ወይም ውሻ ጎትቶ እንዳይወስደው በሽቦ ከችካል ጋር ማሰር ያስፈልጋል። ከመሬት ጋር እኩል ተቀብሮ ውሃ የሚሞላ ጋን ወይም ባልዲ ግን በኩሬ ዳር አይፈቀድም። አይጥ ይይዛል፤ ነገር ግን እናታቸውን ተከትለው የሚሄዱ ጫጩቶች በሙሉ ተራ በተራ ይገቡበታል። የገመድ ወጥመድም እንዲሁ ይከልከል።

ማጥመጃ ምግብን በሚመለከት በአካባቢያችን የለመደው በቆሎና ማሽላ ነው። እህል ግን የዳክዬና የዝይ ምግብ ስለሆነ ወፉን ከሩቅ ይጠራል። በእህል ፈንታ የተቆላ ኦቾሎኒ ወቅጦ በጥቂት ዘይት ለውሶ በወጥመዱ ምላስ ላይ መቀባት ይሻላል። የምስር ፍሬ በምታህል መጠን ይበቃል። ሽታው አይጧን ይጠራል፤ የሚታይና የሚለቀም ፍሬ ስለሌለው ወፍን አይስብም። በዋሻው ደጅ ምንም ምግብ አይበተን። በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሌሊቶች ወጥመዱን ሳይወጥሩ ምግብ ብቻ ቢቀቡበት አይጧ ዋሻውን ስለምትለምድ በሦስተኛው ሌሊት በብዛት ትያዛለች። ብዙ ገበሬ ይህን አይታገሥም፤ ውጤቱን ሲያይ ግን ይቀበለዋል።

ወጥመዶቹ በየ5 ሜትሩ፣ ጉድጓድ በበዛበት ደግሞ ጠጋ ጠጋ ብለው ይቀመጡ። ለሌሊቷ አይጥ ማታ ከ1 ሰዓት በኋላ ተወጥረው ጠዋት 11 ሰዓት ተኩል ይዘጉ። ለሣር አይጥ በቀን ሲጠመድ ሰው ከአካባቢው ሳይርቅ በየሁለት ሰዓቱ መጎብኘት አለበት። ከብት ውሃ በሚጠጣበት በርና ሕፃናት በሚመላለሱበት መንገድ አይጠመድ።

ስለ መርዝ

በኩሬና በቦይ ዳር መርዝ እንዳይበተን የምንመክረው በሦስት ምክንያት ነው። ለአይጥ በብዛት የሚሸጠው ዚንክ ፎስፋይድ በጨጓራ ውስጥ ካለው አሲድ ጋር ሲገናኝ ገዳይ ጋዝ ይሆናል። እህል የሚለቅሙ ወፎችን አይምርም፤ በተለይ ዝይ በጥቂት መጠን ይሞታል። አይጧ ደግሞ ጥቂት ቀምሳ ከታመመችና ከተረፈች ዳግመኛ አትነካውም። ሁለተኛው፣ ደም እንዳይረጋ የሚያደርጉት እንደ ብሮዲፋኩም ያሉ መርዞች በአይጧ ጉበት ውስጥ ለረጅም ጊዜ ስለሚቆዩ የበላቻትን ጉጉት ይገድላሉ። ሦስተኛው የውሃው ጉዳይ ነው፤ ከዚያው ኩሬ ከብት ይጠጣል፣ ሰውም ይቀዳል። ለተምችና ለሌላ ነፍሳት የተዘጋጀ ፀረ ተባይ በእህል ለውሶ ለአይጥ ማዋል ደግሞ ከሁሉ የከፋ ነው። የልማት ሠራተኛው የፀረ ተባይ ምዝገባና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 674/2002 መኖሩን ለማኅበሩ አባላት ማስገንዘብ ይኖርበታል።

ከማጥመዱ በኋላ

አይጥ ተይዛ ጉድጓዱ ክፍት ከቀረ ሌላዋ በሳምንት ውስጥ ትገባበታለች። ስለዚህ የተያዘበትን ጉድጓድ እስከ መጨረሻው ተከትሎ መቆፈር፣ ጭቃነት ባለው እርጥብ አፈር በየ15 ሳንቲ ሜትሩ እየደለደሉ መጠቅጠቅ ያስፈልጋል። አፉን ብቻ መድፈን ከንቱ ድካም ነው። በውጩ ተዳፋትና ከግርጌው ሁለት ሜትር ድረስ ያለው ሣር አጥሮ ይታጨድ፤ የሣር አይጥ ጥላ ካጣች አትቆይም። በውስጥ በኩል በውሃው ጠርዝ ያለው ደንገልና ቄጠማ ግን ይቅር። የወፎቹ መደበቂያ ነው፤ ማዕበሉም አፈሩን እንዳይልስ ይጠብቃል። በማሳ ውስጥ ያሉ ትናንሽ የመስኖ ድንበሮች ስፋታቸው ከ30 ሳንቲ ሜትር ባይበልጥ አይጥ ለመቆፈር አይመቻትም፤ ይህ ሩዝ በሚያመርቱ የእስያ አገሮች የተለመደ ዘዴ ነው።

አንድ ገበሬ ብቻውን ቢያጠምድ የጎረቤቱን አይጥ ይቀበላል። በአንድ ቦይ የሚጠጡ አባላት ሁሉ በአንድ ሳምንት ውስጥ ከላይኛው ጠለፋ እስከ ታችኛው ማሳ አንድ ላይ ማጥመድ አለባቸው። ይህን ማስተባበር የማኅበሩ ሥራ ነው፤ የውሃ ተራ የሚያወጣው ኮሚቴ የማጥመጃ ተራም ሊያወጣ ይችላል።

ማኅበሩ አንድ ደብተር ይያዝ። በደብተሩ ላይ ቀኑ፣ የተወጠረው ወጥመድ ብዛት፣ የተያዘው አይጥ ብዛትና በስህተት የተያዘው ሌላ እንስሳ ይጻፍ። ለምሳሌ 20 ወጥመድ ለ4 ሌሊት ቢወጠር 80 የወጥመድ ሌሊት ይሆናል። በዚህ 12 አይጥ ቢያዝ ከመቶ 15 ማለት ነው። ከመቶ 5 በታች ሲወርድ ማጥመዱን አቁሞ ወደ ጥገናው መዞር ይሻላል። በስህተት የተያዘው ዓምድ ላይ አንድ ወፍ እንኳ ከተጻፈ በዚያ ቦታ ያሉት ወጥመዶች በዚያው ቀን ይነሡ፤ የዋሻው አፍ ስፋት፣ ከውሃው ያለው ርቀትና የምግቡ ዓይነት ተመርምሮ ጉድለቱ እስኪታረም አይመለሱ። ይህን ዓምድ ባዶ ለማስመሰል የሚደብቅ አባል እንዳይኖር፣ ወፍ መያዙን የሚናገር ሰው አይቀጣም መባሉ አስቀድሞ ይነገር።

በሣጥን የተያዘች አይጥ በጆንያ ውስጥ ተገልብጣ በአንድ ጠንካራ ምት ትገደል። የሞተ አይጥ በባዶ እጅ አይነካ፤ ቁንጫዋና ሽንቷ በሽታ ያስተላልፋሉ። የፕላስቲክ ጓንት ከሌለ እጅን በፌስታል ጠቅልሎ ማንሣት ይቻላል። ሬሳው ከውሃው 50 ሜትር ርቆ፣ ውሻ እንዳያወጣው ግማሽ ሜትር ጥልቀት ባለው ጉድጓድ ይቀበር። ወጥመዱ በአመድና በውሃ ይታጠብ፤ ሳሙና አይጨመርበት፣ ሽታው አይጧን ያሸሻል።